ላድ ባዛር ላይ ዋጋ መከራከር ነውር ነው ወይ?

ጭቅጭቁን ያስነሳው አምባር ነው። ሐይደራባድ ውስጥ፣ ቻርሚናር አጠገብ ካሉት የኢራኒ ሻይ ቤቶች ባንዱ ቆመን ሻይ እየጠጣን ነበር። ሁላችንም ሀበሾች ነን፤ ወደ ህንድ ያመጣን ጉዳይ ግን ለየቅል ነው። አንዷ እህታቸውን ለማሳከም የመጡ እናት ናቸው፣ እትዬ ነው የምንላቸው። አንዷ የማስተርስ ተማሪ ናት፣ አሮጌውን ከተማ አብጠርጥራ የምታውቅ። አንዱ ከመርካቶ ዕቃ ሊያይ የመጣ ነጋዴ ነው። እኔ ከሻዬ ጋር ሰሚ ነበርኩ።

እትዬ ደስ ብሏቸው ከቦርሳቸው አንድ ደርዘን አምባር አወጡ። ለልጃቸው ነው። አረንጓዴ፣ ፈርጡ የሚያብረቀርቅ፣ በእውነት ያምራል።

«ስንት ገዙት?» አለ ነጋዴው።

«2400 ሩፒ።»

«ሻጩ ስንት ብሎዎት ነበር?»

«2400 ሩፒ!»

ነጋዴው ሻዩን አስቀመጠ። «እትዬ! የመጀመሪያ ዋጋ ይከፈላል እንዴ? እኔ ብሆን ከ1000 አልጀምርም ነበር።»

«አንተ ጀምር፣» አሉት። «ልጁ ከሰል ፊት ቁጭ ብሎ፣ ጣቱ ጠቁሮ፣ ያቺን ጥቃቅን መስታወት አንድ በአንድ ሲተክል ቆሜ አይቻለሁ። በሚታከም ሰው ስም ሀገራቸው መጥቼ ከእንደዚህ ያለ ልጅ ላይ መቶና ሁለት መቶ ልቀንስ? ነውር ነው።»

ላድ ባዛርን ላላየው ሰው ትንሽ ልበል። ቻርሚናር እ.ኤ.አ. በ1591 ሙሐመድ ቁሊ ቁጥብ ሻህ ከተማዋን ሲቆረቁር ያሠራው አራት ሚናራ ያለው ሕንጻ ነው። ከሱ በስተምዕራብ የሚዘረጋው መንገድ ላድ ባዛር ነው፤ ግራና ቀኙ አምባር፣ አምባር፣ አሁንም አምባር። የታወቀው ከላክ የሚሠራው ነው። ላክ ጥቃቅን ነፍሳት ዛፍ ላይ የሚተዉት ሙጫ ነው። በከሰል ይለሰልሳል፣ ይድቦለቦላል፣ ክብ ይደረጋል፣ ከዚያ ሳይቀዘቅዝ ፈርጡ በእጅ ይተከልበታል። እ.ኤ.አ. በ2024 የሐይደራባድ ላክ አምባር የትውልድ ቦታ መለያ አግኝቷል፤ ማለትም ሌላ ቦታ የተሠራውን በዚህ ስም መሸጥ በሕግ አይቻልም። እትዬ ያዩት ልጅ የሚሠራው እሱን ነው። አንጀታቸውን ቢበላው አይፈረድባቸውም።

ነጋዴው ግን አልተበገረም። «ሳይከራከሩ ሲገዙት ደስ የሚለው ይመስልዎታል? ሌሊቱን ሲያዝን ነው የሚያድረው። ‹ምነው 4000 ባልኳት› እያለ! ክርክር የገበያው ሰላምታ ነው። ዝም ብለው ሲከፍሉት ሰላም ሳይሉት እንዳለፉ ነው የሚቆጥረው።»

«ሰላምታዬን በገንዘብ ሰጠሁት እኮ።»

እዚህ ላይ ተማሪዋ ገባች። «እትዬ፣ እሳቱ ላይ የነበረው ልጅ ነው ገንዘቡን የተቀበለዎት?»

«የለም፣ ውስጥ ያለው ሰውዬ ነው። ወፍራሙ።»

«እሱ ነዋ ባለሱቁ። ልጁ የሚከፈለው በሠራው ቁጥር ነው። እርስዎ 2400 ቢከፍሉ፣ እሱ 1200 ቢከፍል» ወደ ነጋዴው እያሳየች፣ «ለልጁ የምትደርሰው ያው ናት።»

እትዬ ዝም አሉ። ነጋዴው ያሸነፈ መስሎት ፈገግ ሊል ሲል ወደሱ ዞረች። «አንተም ብትሆን የቀነስከው ዋጋ ከየት እንደመጣ አታውቅም። የሱቁ ኪራይ አይቀንስ፣ ላኩ አይቀንስ። ባለሱቁ የከሰረ ለታ በማን ላይ የሚያወርደው ይመስልሃል?»

እሱ ደግሞ ዝም አለ። ትንሽ ጊዜ ነው ታዲያ።

ተማሪዋ የዚህ ገበያ ነገር ሲነሳ አታቆምም። እሷ ስትገዛ መጀመሪያ ዋጋ አትጠይቅም። ለሠርግ የሚገዙ የሀገሩ ቤተሰቦች ያሉበት ሱቅ ትፈልግና አጠገባቸው ትቀመጣለች፤ እናትየዋ፣ አክስትየዋ፣ ሙሽሪት፣ ሁሉም በአንድ ላይ እየተንጫጩ ደርዘን በደርዘን ሲያስወርዱ፣ እሷ ሌላ አምባር የምትመርጥ መስላ ስንት ላይ እንደተስማሙ ትሰማለች። ከዚያ ተነስታ ሌላ ሱቅ ትገባና በዚያው ዋጋ ትጠይቃለች። ጠዋት ሱቁ እንደተከፈተ መሄድም ትወዳለች፣ ሻጩ የዕለቱን የመጀመሪያ ገዢ ባዶ እጇን መሸኘት ስለማይፈልግ። ማለዳ ማለት ግን እዚያ ሰፈር ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ነው፤ በሌሊት የሄደ የተዘጋ በር ነው የሚጠብቀው።

«ለመሆኑ ልኩን ያውቁታል?» አለቻቸው።

«የምን ልክ?»

የአምባር ልክ 2.4፣ 2.6፣ 2.8 እየተባለ ይጠራል። ነጥቡ እንደ ሒሳብ ነጥብ አይደለም። 2.6 ማለት የውስጡ ስፋት ከዳር እስከ ዳር ሁለት ኢንችና ከአሥራ ስድስት ስድስት እጅ ነው። ላክ ደግሞ አይለጠጥም፤ በግድ እናስገባው ከተባለ ይሰበራል። እትዬ የልጃቸውን እጅ ያስታውሱ የነበረው በዓይን ብቻ ነው። «ቀጭን ናት» አሉ። ቀጭንነት ምን ያደርጋል፣ አምባር የሚያልፈው በመዳፍ አጥንት ነው። እዚያው ወደ አዲስ አበባ ተደውሎ ልጅቷ ያላትን አምባር በማስመሪያ እንድትለካ ተደረገ። የተገዛው 2.4 ነው፣ የልጅቷ 2.6።

«ይቀይርልኛል፣» አሉ እትዬ። «ባጃጁ ልጅ ያውቀዋል፣ አብሮኝ ገብቶ ዕቃዬን ሁሉ ይዞልኛል፣ ጨዋ ልጅ ነው።»

እኛ ሦስታችን ተያየን። ነጋዴው እንኳ ሳቁን ዋጥ አደረገ። ሹፌር አብሮ ሱቅ ከገባ ዋጋው ከነኮሚሽኑ ነው፣ ይሄ የትም ሀገር ያው ነው። ተማሪዋ ቀስ ብላ ነው ያስረዳቻቸው። ሜትሮው ቻርሚናር ድረስ ስለማይደርስ ኤምጂቢኤስ የሚባለው ጣቢያ ወርዶ የቀረችውን መንገድ በባጃጅ መሄድ፣ ከዚያ ሹፌሩን ቻርሚናር ጋ አመስግኖ ማሰናበት። «ሱቅ ላሳያችሁ» ሲል «ሥራችንን ጨርሰናል» ማለት። ውሸት ነው፣ ግን ማንንም አይጎዳም።

እትዬ ይሄን ሲሰሙ ነው የተናደዱት። የ2400ው ሳይሆን የዕቃ መያዙ። «እኔ እኮ 100 ሩፒ ጉርሻ ሰጥቼዋለሁ!»

ነጋዴው ያን ጊዜ የራሱን ገድል ማውራት ጀመረ። እኔ ባወቅኩት ልክ ሰው በገበያ ሲፎክር ማቆሚያ የለውም። ፓተርጋቲ ሄዶ ሉል ገዝቷል። ፓተርጋቲ ከቻርሚናር በስተሰሜን ያለው የድንጋይ ቅስት ያለበት የሱቅ ረድፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 የሙሲ ወንዝ ከተማዋን ካጥለቀለቀ በኋላ በተካሄደው መልሶ ግንባታ የተሠራ። ሉልና ሐር እዚያ ነው። «ሰውዬው 9000 አለኝ። ‹እኔ ሀበሻ ነኝ፣ ዘመዳችሁ ነኝ፣ የኒዛሙ ጠባቂዎች የኛ ሰዎች ነበሩ› አልኩት። ሳቀ። 4000 ወረደ።»

ዘመድነቱ እንኳ ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። ኒዛሞቹ፣ ሐይደራባድን እስከ 1948 እ.ኤ.አ. የገዙት ነገሥታት፣ ከአፍሪካ የመጡ ፈረሰኛ ጠባቂዎች ነበሯቸው። ሰፈራቸው ዛሬም ኤሲ ጋርድስ ይባላል (በእንግሊዝኛ «የአፍሪካ ፈረሰኛ ጠባቂዎች» ማለት ነው)፣ ልጅ ልጆቻቸውም አሉ። ግን በዚህ 5000 ሩፒ ይቀነሳል ብሎ ማመን የዋህነት ነው። ዋጋው ከመጀመሪያውም 4000 ነበር፣ ምናልባትም ከዚያ በታች።

«ምን ዓይነት ሉል ነው?» አለች ተማሪዋ።

«የባስራ። እውነተኛ። ላይተር አብርቶ በእሳት አሳየኝ፣ ምንም አልሆነም!»

ሐይደራባድ ባሕር የላትም። ሉል ወጥቶባት አያውቅም፤ የታወቀችው ሉል በመብሳት፣ በመለየትና በመሰካት ነው። ድሮ ጥሩው የሚመጣው ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ነበር፣ «የባስራ» የሚባለው እሱ ነው። (የኛ ባሕርም ድርሻ ነበረው፤ የዳህላክ ሉል ምጽዋ ላይ ባንያን በሚባሉት የህንድ ነጋዴዎች እጅ ወደ ህንድ ይሄድ ነበር።) ከዚያ ጃፓኖች ሉል ማራባት ሲችሉ የባሕረ ሰላጤው ጠላቂ ሥራ አጣ። ዛሬ ፓተርጋቲ ላይ የሚሰቀለው አብዛኛው በቻይና ኩሬዎች ዛጎል ውስጥ የረባ ነው። ሐሰተኛ አይደለም፣ ሉል ነው። የተፈጥሮ የባስራ ሉል ግን በ4000 ሩፒ ክር ሙሉ አይገዛም። እሳቱ የሚነግርህ ፕላስቲክ አለመሆኑን ብቻ ነው። ያንን ደግሞ ያለ እሳትም ታውቀዋለህ፣ ሁለቱን ፍሬ እርስ በርስ ስታሻቸው ሻካራ ከሆኑ ሉል ናቸው፣ እንደ መስታወት ከተንሸራተቱ አይደሉም።

«ደረሰኝ ሰጠህ?»

«ያለ ደረሰኝ ነው የቀነሰልኝ። ታክሱን ለምን እከፍላለሁ?»

ታክሱ 3 በመቶ ነው። ለ120 ሩፒ ብሎ «የባስራ» የሚለው ቃል በጽሑፍ ሳይሰፍርለት ወጣ። ሻጩ ቢጽፍለት ኖሮ ወይ ይዋሻል፣ ያኔ ይጠየቅበታል፤ ወይ «የኩሬ ሉል» ብሎ ይጽፋል፣ ያኔ ነጋዴያችን ዋጋውን እንደገና ያወርድ ነበር።

እኔን ፍረድ ብትሉኝ፣ አምባር ላይ ከነጋዴው ጋር ነኝ። መከራከር ነውር አይደለም፤ የሀገሩ ሴቶች ሁሉ የሚያደርጉትን ትቶ የመጀመሪያውን ዋጋ መክፈል ጽድቅ አይሆንም፣ ባለሱቁንና ባጃጁን ማወፈር ነው። ግን መጨረሻ ላይ ለ50 ሩፒ ሱቅ ሙሉ ዕቃ አስወርዶ ጥሎ መውጣትን አልወድም። የእትዬ ርኅራኄም ቦታ አለው። እሳት ፊት ለተቀመጠው ልጅ መክፈል የሚፈልግ ሰው ራሱ የሚሠራና ራሱ የሚሸጥ ባለሙያ ይፈልግ፣ ጥቂትም ቢሆኑ አሉ። ልኩን ሰጥቶ፣ ቀለሙን መርጦ ያሠራ፣ እዚያ ላይ ሳይከራከር ይክፈል። ሉል ላይ ደግሞ የነጋዴው ጉብዝና ባዶ ነው። ዕቃው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ዋጋውን ሲያወርድ የዋለ ሰው ነው።

አምባሩን በማግስቱ ተማሪዋና እትዬ ያለ ባጃጁ ልጅ ወስደው በ2.6 አስቀየሩት። ባለሱቁ መጀመሪያ 300 ጨምሩ ብሎ ነበር። እትዬ ናቸው አሉ የተከራከሩት፣ ምንም ሳይጨምሩ ወጡ።