ዋራም ፐርሲን ባዶ ያስቀራት ወረርሽኝ አይደለም

ወንድሜ፣ «በእንግሊዝ ሰሜን ዮርክሻየር ያለችው የዋራም ፐርሲ መንደር በጥቁር ሞት አልቃ ወና ቀረች» ያልከው ብዙ ሰው የሚደግመው ስሕተት ነው። ወረርሽኙ በ1348 እና 1349 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ሲመታ መንደሯንም ጎድቷታል፤ ገበሬዎቿ ግን ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ አርሰውባታል። ያስለቀቃቸው በግ ነው። በግ ማርባት ከእርሻ ይልቅ ሲያዋጣ ባለርስቶቹ ማሳውን ግጦሽ አደረጉት፤ የመጨረሻዎቹ ቤተሰቦች በ1500 አካባቢ ተባረሩ። ከቤታቸው የተነቀሉ ሰዎችን በበሽታ አለቁ ብንል በደላቸውን እንሸፍናለን። የታሪክ ተመራማሪው ሞሪስ ቤሬስፎርድና አርኪዮሎጂስቱ ጆን ኸርስት የመሩት፣ ከ1950 ጀምሮ 40 ዓመት ያህል የዘለቀው ቁፋሮም ወረርሽኙ እንዳላጠፋት አሳይቷል።

ሰበካውም ከመንደሯ ጋር አልጠፋም፤ የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን የጎረቤት መንደር ምእመናንን ከዚያ በኋላም ለዘመናት አገልግሏል። ዛሬ ፍርስራሹ በሸለቆው ውስጥ ቆሟል።