ያው አይደለም!

በጣም ነው የከፋኝ። የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜያችን ተሰረዘ። ለምን ስል "ሲሙሌሽን (በኮምፒውተር ተመስሎ የሚሠራ ሙከራ) አለ አይደል? ያው ነው" ተባልኩ።

ያው አይደለም! ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼ የፔንዱለም፣ ማለትም በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ድንጋይ፣ ሙከራ በኮምፒውተር ሠሩ። የገመዱን ርዝመት አስገቡ፣ ቁልፍ ተጫኑ፣ የምድር ስበት የሚያመጣውን የፍጥነት ለውጥ አሰሉ። ሁሉም 9.81 አገኙ። 40 ተማሪ፣ አንድ መልስ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ምን ብሎ ይጠይቅ? እውነተኛ ገመድ አንጠልጥለው ቢሆን አንዱ 9.5፣ ሌላዋ 10.2 ታገኝ ነበር። ያኔ ክርክሩ ይጦፋል። ሰዓቱን ዘግይተሽ ነው ያቆምሽው፤ አንግሉን አብዝተኸዋል፤ ርዝመቱን የለካኸው እስከ ድንጋዩ መሃል ሳይሆን እስከ ቋጠሮው ነው። እኔ ሳይንስ የምለው ይሄንን ጭቅጭቅ ነው።

ቴክኖሎጂ ጠልቼ አይደለም። የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን በ2002 የጀመረውን ፌት የተባለ የሲሙሌሽን ስብስብ እወደዋለሁ። ነፃ ነው። ኤሌክትሮን በሽቦ ውስጥ ሲጓዝ ለማሳየት ከሱ የተሻለ አላገኘሁም፤ በዓይን የማይታይ ነገር ነዋ። ድንጋይና ገመድ ግን ይታያል፣ ይዳሰሳል! ስልካቸው ውስጥ እንኳ የፍጥነት ለውጥ የሚለካ ሴንሰር አለ። ስልኩን ገመዱ ላይ አስረን ብናወዛውዘው ቴክኖሎጂውም እውነተኛው ሙከራም በአንድ ላይ ይገኝ ነበር። ስልክ ደግሞ ክፍል ውስጥ ክልክል ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ልኬት ስህተት ላስተምር ነው። አንዴም ተሳስተው ለማያውቁ ልጆች ከምን እንደምጀምር ጨንቆኛል።