ካርታው ላይ ያለችው ነጥብ ቢሮ ናት ወይስ መጋዘን?

ከአገር ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ቡናው ላይ የማትቀር ጨዋታ አለች። «እዚህ አገር እኮ ኩባንያው ሁሉ አንድ ከተማ ላይ አልተከመረም፤ በየስቴቱ ነው ያለው። የኛ ግን ሁሉም ነገር አዲስ አበባ!» ስለ አዲስ አበባ የተባለው ብዙም አያከራክርም። ስለ አሜሪካ የተባለው ግን ካርታን ከሩቅ አይቶ የመፍረድ ያህል ነው። የኢንተርኔት ሻጩን አማዞንን እንውሰድ። የሥራ ቦታዎቹ ካርታ ላይ ሲታዩ አገሩን እንደ ኩፍኝ አልብሰውታል። ነገር ግን ነጥብ ሁሉ አንድ አይደለም።

አንዱ ነጥብ መጋዘን ነው። የሚተከለው መሬት በረከሰበት፣ አውራ ጎዳና አጠገብ፣ ዕቃው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ደንበኛው በር በሚደርስበት ርቀት ላይ ነው። ሠራተኛው ብዙ፣ ክፍያው በሰዓት። ሌላው ዳታ ሴንተር ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች የሚደረደሩበት ሕንፃ። ከዋሽንግተኑ ዳለስ ኤርፖርት ሰው የሚጭን ሐበሻ ሹፌር ሁሉ አሽበርን ላይ የተደረደሩትን መስኮት የለሽ ግዙፍ ሕንፃዎች ያውቃቸዋል። አማዞን በ2006 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የክላውድ አገልግሎቱን፣ ማለትም ኮምፒውተር በኢንተርኔት ማከራየቱን ሲጀምር መነሻው ይኸው ሰሜን ቨርጂኒያ ነበር። እንዲህ ያለው ሕንፃ መብራት የሚበላው እንደ ከተማ ነው፤ ቋሚ ሠራተኛው ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ትምህርት ቤት መምህራን ቁጥር አይበልጥም። ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) የሚወደው ለሥራ ዕድሉ ሳይሆን ለግብሩ ነው፤ ኮምፒውተሮቹ በየጥቂት ዓመቱ በአዲስ ስለሚተኩ ግብር የሚከፈልበት ንብረት አያረጅም።

ሦስተኛው ነጥብ ቢሮው ነው፤ ኢንጂነሩና ውሳኔ ሰጪው የሚቀመጡበት። እሱ ደግሞ አልተበተነም። ሲያትልና አጠገቧ ያለችው ቤልቪው፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ማዶ ያለችው የቨርጂኒያዋ አርሊንግተን፣ ኒው ዮርክ፣ እያለ በአብዛኛው በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ያልቃል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን በግልጽ ያሳየው የሁለተኛው ዋና መሥሪያ ቤት ጨረታ ነው። መስከረም 2017 ኩባንያው 50,000 ሰው የሚቀጥር ሁለተኛ ዋና መሥሪያ ቤት እሠራለሁ ብሎ ከተሞችን አወዳደረ። መስፈርቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው የከተማ አካባቢ፣ 45 ደቂቃ በማይሞላ ጉዞ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት፣ ከ2 ማይል ያልራቀ አውራ ጎዳና፣ ደጃፉ ድረስ የሚመጣ የሕዝብ ትራንስፖርት የሚል ነበር። 238 ከተሞችና አካባቢዎች ተወዳደሩ። ከአሪዞና ቱሳን ወደ 6 ሜትር ተኩል የሚረዝም ቁልቋል እጅ መንሻ ተላከ። በጆርጂያ ስቶንክረስት መሬቷን ቆርሳ አዲሱን ከተማ አማዞን ብላ ለመሰየም ተነሳች። (ደጅ ጥናት የኛ ብቻ ይመስለን ነበር።) ኅዳር 2018 ውጤቱ ሲነገር ዕጣው ለሁለት ተከፍሎ የወጣው ለኒው ዮርክና ለዋሽንግተን ደጃፍ ነው፤ ናሽቪል የ5,000 ሰው ማዕከል ደረሳት። ሁለቱ ዋና አሸናፊዎች የገንዘቡና የመንግሥቱ መናገሻዎች ማለት ናቸው። ኒው ዮርክ ላይ እስከ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚደርሰው ድጎማ ተቃውሞ አስነሳና አማዞን የካቲት 2019 ጥሎ ወጣ። በዓመቱ ግን እዚያው ማንሃተን፣ ፊፍዝ አቬኑ ላይ ትልቅ ሕንፃ ለቢሮ ገዛ፤ ያ ድጎማ ሳይኖር። ከዚህ በላይ ምስክር የለም፤ ቢሮ የሚሄደው የተማረው ሰው ወዳለበት ነው፣ ድጎማው ምርቃት ነው።

አርሊንግተን ክሪስታል ሲቲ ለምን ተመረጠ? ከ2005 በኋላ የመከላከያ መሥሪያ ቤቶች በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛቸውን ከዚያ አውጥተው ቢሮዎቹ ባዶ ቀርተው ነበር። አብዛኛው ሕንፃና ባዶ መሬት የአንድ አከራይ ስለነበር ድርድሩ ከመቶ ባለቤት ጋር አልሆነም። ሰማያዊና ቢጫ የሜትሮ መስመር ያልፍበታል፤ ሬገን ኤርፖርት በእግር ይደረሳል፤ ፔንታጎን ጎረቤት ነው።

አሁን ለአገር ቤት ሰው ማየት የሚጠቅመው ውሉ ነው። ቨርጂኒያ ቀብድ አልከፈለችም። ለመጀመሪያዎቹ 25,000 ሥራዎች በእያንዳንዱ 22,000 ዶላር፣ በድምሩ 550 ሚሊዮን ቃል ገባች፤ ግን አማካይ ደመወዙ ከ150,000 ዶላር ተነስቶ በየዓመቱ 1.5 በመቶ እያደገ ካልተገኘ አይከፈልም። ሰው ይቀጠራል፣ ማስረጃ ይቀርባል፣ ይጣራል፣ ክፍያው ከዓመታት በኋላ ይከተላል። ኩባንያው እስከ 2022 መጨረሻ ለፈጠራቸው 6,939 ሥራዎች ያቀረበው ጥያቄ 152.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ በ22,000 ቢያባዙት ልክ ይመጣል። ጎን ለጎን ስቴቱ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቃንን ለማብዛት ለዩኒቨርሲቲዎች ገንዘብ መደበ፤ ቨርጂኒያ ቴክም አሌክሳንድሪያ ላይ ካምፓስ ሠራ። ኩባንያው ነገ ቢለቅ ምሩቃኑና ካምፓሱ ይቀራሉ።

ችግሩም መጣ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባለ22 ፎቅ ሕንፃዎች በ2023 ተከፈቱ፤ የሁለተኛው ዙር ግንባታ ግን በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ እንዲዘገይ ተደረገ። ከኮቪድ በኋላ ሰው ከቤት መሥራት ለምዶ፣ ቅጥርም ቀዝቅዞ ነበር። ቨርጂኒያ ላልተፈጠረ ሥራ ስላልከፈለች የቀረባት ተስፋ እንጂ የወጣባት ገንዘብ የለም። የከበደው ለተከራይ ነው። ሐበሻ በብዛት በሚኖርበት ኮሎምቢያ ፓይክ መንገድ ላይ ያለው ባርክሮፍት የተባለ 1,335 ቤቶች ያሉት ግቢ በ2021 መጨረሻ ሲሸጥ፣ ኪራዩ እንዳይንር ካውንቲው 150 ሚሊዮን፣ አማዞን ደግሞ 160 ሚሊዮን ዶላር ለገዢው ማበደር ነበረባቸው።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ ካርታው ባዶ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም በየክልሉ ጽሕፈት ቤትና የአገልግሎት ማዕከል አለው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ነሐሴ 2022 ኔትወርኩን የከፈተው ድሬዳዋ ላይ ነው፤ ሐረር፣ ሐረማያና ባሕር ዳር ሁሉ አዲስ አበባን ቀድመዋታል፤ እሷ የደረሳት በጥቅምት ነው። ግን እዚህም ነጥቡን መለየት ነው። ሲም የሚሸጥበት ሱቅ አለ፣ ምሰሶ አለ፣ ሶፍትዌር የሚጻፍበትና ግዢ የሚፈረምበት ቢሮ አለ። ሦስተኛው ዛሬም አዲስ አበባ ነው፤ የግል ዳታ ሴንተሮቹም ጎሮ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ተጠጋግተው ነው የተተከሉት። ሁለት የተለያየ የፋይበር መስመርና የማይቆራረጥ መብራት ሌላ ቦታ እስኪገኝ ይህን መውቀስ ይከብዳል።

የሚወቀሰው ማበረታቻው ነው። ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ ለሚርቅ ባለሀብት ተጨማሪ የግብር እፎይታ ዓመታት ሲሰጥ ኖሯል፤ መሬትም በቅናሽ። እፎይታው በትርፍ ላይ ነው፤ ገና ያላተረፈ የሶፍትዌር ድርጅት ምንም አይጠቀምበትም። መሬቱ ደግሞ ቀብድ ነው፤ ታጥሮ ሣር ሲበቅልበት ያላየ ከተማ የለም። ሁለቱም የሚታሰሩት ከፈቃዱ ጋር እንጂ ከተቀጠረው ሰው ጋር አይደለም።

ክልሎች ግን ከቨርጂኒያ የማያንስ ምክንያት አላቸው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 የግል ድርጅት ተቀጣሪዎችን የደመወዝ ግብር የሚጥለውና የሚሰበስበው ክልሉ ነው፤ ጣሪያው 35 በመቶ ነው። ጥሩ የሚከፈላቸው ሃምሳ ኢንጂነሮች ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ቢቀመጡ በየወሩ ገቢ ያስገኛሉ ማለት ነው። ክልሉ ከዚያው ግብር የተወሰነውን በሰው ቆጥሮ፣ ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ለቀጣሪው እመልሳለሁ ብሎ ቢዋዋል ከኪሱ የሚያወጣው የለም። ማጣሪያውም አዲስ መሥሪያ ቤት አይፈልግም፤ ቀጣሪው በየወሩ የደመወዝ ግብር ያሳውቃል፣ ከሠራተኛው 7 ከራሱ 11 በመቶ ጡረታ ይከፍላል። ሁለቱ ዝርዝሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ በወረቀት ብቻ የተቀጠረ ሰው ወዲያው ይለያል፤ ለሌለ ሰው በየወሩ 18 በመቶ ጡረታ እየከፈለ የሚቆይ ነጋዴ ብዙ አይደለም።