ከ8 ሰዓት በኋላ ምሳ የለም

ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በመካከለኛው ፈረንሳይ ተራሮች፣ በካንታል አውራጃ በኩል ስንጓዝ፣ አንዲት ትንሽ የመንደር ምግብ ቤት በር ላይ የደረስነው ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ላይ ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ የቅቤና የሽንኩርት ሽታ መንገዱ ድረስ ያውዳል፤ አራት ሰዎችም ገና ቡናቸውን እየጠጡ ነው። ሆኖም ጠረጴዛ ይጠርጉ የነበሩት ባለቤት ቀና ብለው አዩንና፣ በትሕትና ግን በማያወላውል ቃል፣ የምሳ መስተንግዶ ማብቃቱን ነገሩን። «እንቁላል ጥብስም ቢሆን?» ብሎ የጠየቀው ጓደኛችን ያገኘው መልስ ያው ነበር። አገር ቤት ቢሆን ኖሮ ዳግመኛ እሳት ይነድልን ነበር እያለ፣ መኪና ውስጥ ከገባን በኋላም ማጉረምረሙን አልተወም። እኔም በጊዜው የተስማማሁት ከእሱ ጋር ነው። ዛሬ ግን ትክክለኛዋ ባለቤቷ ነበሩ ባይ ነኝ፤ ያቺ ምግብ ቤት እስካሁን ልትቆይ የቻለችው እኛ ግትርነት ባልነው ነገር መሆኑን ዘግይቼም ቢሆን ተረድቻለሁና።

ቅሬታው የእኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ ከተሞች የምንኖር ሰዎች ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከአገር ቤት ሲመጣ ከከተማ አውጥተን ገጠሩን ማሳየት እንወዳለን፤ ተመልሰን የምናወራው ግን ብዙውን ጊዜ ስለ ተዘጋ በር ነው። ሰኞ ዝግ፣ እሑድ ማታ ዝግ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ዝግ፣ ማታም ከ1 ሰዓት ተኩል በፊት የሚቀመስ ነገር የለም። ክፍት ሆኖ ሲገኝ ደግሞ የሚቀርበው ምግብ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ዓይነት ነው። ከዚያ በኋላ «ገንዘብ አይፈልጉም እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል። መፈለጉንስ ይፈልጋሉ፤ መታየት ያለበት ገንዘቡ ከማን ኪስና በስንት ሰዓት እንደሚገኝ ነው።

እንዲህ ያለው ቤት በሥራ ቀን ምን እንደሚመስል ላላየ ልግለጽ። ከ6 ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ የዕለቱ ምግብ በጠመኔ የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ ደጃፉ ላይ ይቆማል። በብዙ መንደሮች የቤተ ክርስቲያኑ ደወል እኩለ ቀንን ይደውላል፤ ከደወሉ ጋር የተቃጠሩ ይመስል ግንበኞች፣ የቧንቧ ሠራተኞች፣ የጭነት መኪና አሽከርካሪዎችና ጡረታ የወጡ ገበሬዎች ተከታትለው ይገባሉ። የገባ ሁሉ «ቦንዡር ሜስዩ ዳም» ብሎ ቤቱን በሙሉ ሰላም ይላል። በጠረጴዛ አጠገብ የሚያልፍም «ቦን አፔቲ» (መልካም ምግብ) ሳይል አያልፍም። በእኛ ዘንድ «እንብላ» የሚለው የሚበላው ሰው ነው፤ በእነሱ ዘንድ ግን ቃሉን የሚያወጣው አላፊው ነው። አቅጣጫው ይገልበጥ እንጂ ሰው እየበላ ዝም ብሎ ማለፍ በሁለቱም ዘንድ ነውር ነው። መንደር ምግብ ቤት ስገባ ሁሉም ዞሮ እንደሚያየኝና ክፍሉ ለአፍታ ጸጥ እንደሚል አልክድም፤ ጸጥታው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያቺ ሰላምታ እስክትሰማ ድረስ ብቻ የሚቆይ ነው።

ጠረጴዛው የወረቀት ልብስ ለብሷል፤ አንዳንድ ቤት ሂሳቡም የሚደመረው እዚያው ወረቀት ላይ ነው። ዳቦና በማንቆርቆሪያ የተሞላ የቧንቧ ውሃ ይመጣል፤ ሁለቱም ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንግሥት ደንብ ከምግቡ ዋጋ ጋር የተካተቱ ስለሆኑ ለብቻቸው አይከፈልባቸውም። መክፈቻውን ምግብ ደንበኛው ከቡፌ ራሱ ያነሳል፤ ቀይ ሥር፣ የተከተፈ ካሮት፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የአሳማ ሥጋ ቁራጭ። ቢላዋና ሹካ ግን አይቀየርም፤ ጠርገህ ለዋናው ምግብ ታስቀምጠዋለህ። ዋናው ምግብ ቀስ ብሎ የበሰለ የጥጃ ወይም የበሬ ሥጋ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ አካባቢ ደግሞ የሌ ፒዊ አረንጓዴ ምስር ይመጣል። ይህ ምስር ከአበቃቀል ቦታው ጋር የተያያዘ የስም ጥበቃ በ1996 እ.ኤ.አ. ያገኘ ሲሆን፣ ለጾመኛ ሐበሻ ደስ የሚል ዜና መስሎ ሳለ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በጨው ከቆየ የአሳማ ሥጋ ጋር መሆኑ ደስታውን ያጠፋዋል። ዓርብ ዓርብ ዓሣ የሚያቀርቡ ብዙ ናቸው፤ የካቶሊክ ጾም ከአብዛኛው ሰው ኑሮ ከወጣ በኋላ ልማዱ በወጥ ቤት ውስጥ ቀርቷል። ከዚያ የቺዝ ሳንቃው ይመጣል። በአንዳንድ ቤት ሳንቃው አንድ ብቻ ነው፤ የድርሻህን ቆርጠህ ትይዝና ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ ታሳልፈዋለህ። ማንም አይቆጣጠርም፤ ግን ሁሉም ያያል። ለዚህ ሁሉ የሚከፈለው በአብዛኛው ከ14 እስከ 18 ዩሮ ሲሆን፣ የመስተንግዶው ዋጋ በውስጡ ስለሆነ ጉርሻ ግዴታ አይደለም።

ይህ ዋጋ ነው ሁሉንም ነገር የሚያስረዳው። ለምሳሌ ምሳው 15 ዩሮ ቢሆን፣ በምግብ ላይ የሚጣለው 10 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲወጣ ለቤቱ የሚቀረው 13 ዩሮ ከ64 ሳንቲም ነው። ሠላሳ ሰው ቢበላ 409 ዩሮ ይሆናል። በሙያው በተለመደው ስሌት ከዚህ ውስጥ ሲሶ ያህሉ ለሥጋ፣ ለአትክልትና ለቅቤ ይወጣል። በቀሪው 270 ዩሮ ገደማ ኪራይ፣ መብራት፣ ጋዝ፣ መድን፣ የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮና የሰው ጉልበት መሸፈን አለባቸው። ስለዚህ ቤቱን የሚያስተዳድሩት ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ ያበስላል፣ ሌላው ያስተናግዳል፣ ሳህን የሚያጥበው መጀመሪያ እጁ የተፈታው ነው። በዚህ ሒሳብ አሥራ አምስት ዓይነት ምግብ አዘጋጅቶ መጠበቅ ማለት አሥራ ሦስቱን ለመጣል መዘጋጀት ነው። አንድ ምግብ በአንድ ሰዓት ለሠላሳ ሰው ሲቀርብ ግን የሚጣል ነገር እምብዛም አይኖርም።

ሰዓቱም የሒሳቡ ክፍል ነው። በ8 ሰዓት ምሳ ሲያበቃ ሥራው አያበቃም፤ ዕቃ ታጥቦ፣ ወለል ተወልውሎ፣ ለማታው የሚሰናዳው ተሰናድቶ 9 ሰዓት ተኩል ይሆናል። እራት የሚያቀርብ ቤት ከሆነ በ12 ሰዓት ተመልሶ ምድጃ አጠገብ መቆም አለ። በመካከል የምትገኘው ጥቂት ሰዓት ልጅ ከትምህርት ቤት የሚመጣባት፣ ባንክ የሚኬድባት፣ ጎን የሚያርፍባት ናት። እኛ በ8 ሰዓት ከ20 የጠየቅነው እንቁላል ጥብስ ከዚያች ሰዓት ላይ የሚቆረስ ነበር፤ ለአራት መንገደኞች፣ ዳግመኛ ለማይመለሱ።

ያለፉት ስድሳ ዓመታት ለእነዚህ ቤቶች ቸር አልነበሩም። በ1960 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ 200 ሺህ ያህል ካፌዎች እንደነበሩ ይነገራል፤ ዛሬ የቀሩት ከ40 ሺህ አይበልጡም። አገሪቱ ወደ 35 ሺህ የሚጠጉ ኮሙኖች፣ ማለትም በከንቲባ የሚመሩ ትንንሽ የአስተዳደር ክፍሎች፣ አሏት፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ500 ነዋሪ በታች ያላቸው ናቸው። በእንዲህ ያለ መንደር የመጨረሻው ምግብ ቤት ሲዘጋ ዳቦ የሚገዛበት፣ ጋዜጣ የሚነበብበት፣ ማን እንደታመመ የሚሰማበት ቦታም አብሮ ይዘጋል። ለዚህ ነው ብዙ ከንቲባዎች ቤቱን በኮሙኑ ገንዘብ ገዝተው፣ አድሰው፣ በአነስተኛ ኪራይ ለባለሙያ የሚሰጡት። በ1993 እ.ኤ.አ. በፕሮቫንስ ፎርካልኪዬ አካባቢ የተጀመረው «ቢስትሮ ደ ፔይ» የተባለ መለያ ከ2,000 ነዋሪ በታች ባላቸው መንደሮች ዓመቱን ሙሉ ክፍት ለሚሆኑ ቤቶች የሚሰጥ ነው። ግሩፕ ኤስኦኤስ የተባለው ድርጅት ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ከ3,500 ነዋሪ በታች ባላቸው ኮሙኖች ካፌ የሚከፍት ፕሮግራም ጀመረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣ ሕግም፣ የመጠጥ ፈቃድ ያለው ቤት ለሌላቸው ለእነዚሁ ትንንሽ ኮሙኖች በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ አዲስ ፈቃድ እንዲሰጥ አድርጓል። ምግብ ቤት እንደ ጤና ጣቢያና እንደ ፖስታ ቤት የሕዝብ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው። ይህን አካሄድ ከልቤ እደግፈዋለሁ፤ በገበያ ጣልቃ መግባት ነው የሚሉም አሉ፣ ግን 300 ሰው ባለበት መንደር ገበያ የሚባለው ነገር ራሱ የት አለ?

በተቃራኒው የማልደግፈው አንድ እርምጃ አለ። በፈረንሳይ አሠሪው ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ የሚከፍልበት የምሳ ኩፖን ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የታወቀ ሲሆን፣ የተፈጠረውም ሠራተኛው ተቀምጦ ምሳ እንዲበላ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የኑሮ ውድነትን ምክንያት በማድረግ ኩፖኑ በሱፐርማርኬት ፓስታ፣ ዱቄትና ጥሬ ሥጋ እንዲገዛበት ተፈቀደ፤ ፈቃዱም እየተራዘመ እስከ 2026 መጨረሻ ደርሷል። ደመወዙ ወር የማያደርሰውን ሰው ችግር አልዘነጋም፤ በአቅራቢያው ምግብ ቤት የሌለው ሠራተኛም ኩፖኑን የት ይጠቀምበት የሚለው ክርክር ሚዛን ይደፋል። ነገር ግን ከሠላሳው ምሳ በዪ አሥሩ ወደ ሱፐርማርኬት ሲሄዱ ከላይ የሠራነው ሒሳብ ይፈርሳል፤ ያ ቤት ሲዘጋ ደግሞ «በአቅራቢያዬ ምግብ ቤት የለም» የሚለው ሰው ቁጥር ይጨምራል። ለደመወዝ ችግር መፍትሔው ደመወዝ ነው እንጂ የግንበኛው ምሳ አይመስለኝም።

ስለ ፈረንሳይ ምግብ ሲወራ ሌላ ዓይነት መንደርም ይነሳል። ከካንታል ብዙም በማትርቀው ላዮል፣ 1,200 ያህል ሰው በሚኖርባት ቦታ፣ የሚሼል ብራስ ምግብ ቤት በ1999 እ.ኤ.አ. ምግብ ቤቶችን በኮከብ የሚመዝነው የሚሽላን መጽሐፍ የሚሰጠውን ከፍተኛ ደረጃ፣ ሦስት ኮከብ፣ አግኝቶ ነበር። ልጃቸው ሴባስቲያን ብራስ በ2017 ጫናው በዝቶብኛል ብለው ከመጽሐፉ እንዲሰረዙ ጠየቁ፤ ሚሽላን በ2018 እትሙ ተዋቸው፤ በ2019 ግን ሳይጠየቅ ሁለት ኮከብ ይዞ ተመለሰ። ታሪኩ ያስፈግጋል፤ ከያዝነው ጉዳይ ጋር ግን ዝምድናው ሩቅ ነው። ኮከብ ያለው ቤት በዓለም ዙሪያ ደንበኛ አለው፤ የግንበኛው ምሳ ቤት ደንበኛ በሠላሳ ኪሎ ሜትር ውስጥ ካልተገኘ የትም አይገኝም።

ሁሉም የመንደር ምግብ ቤት ጥሩ ነው የሚል ስሜት እንዳይፈጠር አንድ ነገር ልጨምር። ከፋብሪካ የመጣ ከረጢት ቀድደው የሚያሞቁ አሉ፤ ያውም የአያቴ አሠራር ነው ብለው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው «ፌ ሜዞን» የሚባለው ምልክት፣ የቤት ጣሪያ የደፋች ድስት ሥዕል ያለበት፣ ምግቡ ከጥሬ ዕቃ እዚያው መሠራቱን ያመለክታል፤ በረዶ ሆኖ የቆየ ጥሬ ዕቃን ስለሚፈቅድ ግን ፍጹም ዋስትና አይደለም። እኔ ከምልክቱ ይልቅ የማምነው በ6 ሰዓት ደጃፉ ላይ የቆሙትን የሥራ መኪናዎች ብዛት ነው። ግንበኛ በሳምንት አምስት ቀን የሚበላበትን ቤት አይስትም።

በማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ወደዚያችው ምግብ ቤት ደወልን። የተጠየቅነው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ ስንት እንደሆንንና አሊጎ እንበላ እንደሆነ። አሊጎ የዚያ አካባቢ ምግብ ነው፤ የተፈጨ ድንች፣ ገና ያልበሰለ የኦብራክ ቺዝ፣ ቅቤና ነጭ ሽንኩርት በእንጨት ማማሰያ እየተመታ እንደ ክር እስኪሳብ ድረስ ይሠራል፤ ከተሳበ በኋላ ካቆዩት ይደርቃል። 6 ሰዓት ተኩል ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ተቀምጠናል። ባለቤቷ ድስቱን ይዘው መጥተው ማማሰያውን ከራሳቸው በላይ ሲያነሱ ክሩ ተከትሎ ወጣ፤ ትናንት ሲያጉረመርም የነበረው ጓደኛችን ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ረስቶ ሳህኑን ዘረጋ። መጨረሻ ላይ በጥቁር ሰማያዊ የተራራ እንጆሪ የተሠራ ጣፋጭ ቀረበ፤ እሱም ሁለተኛ ቁራጭ እንዲጨመርለት ጠየቀ። ሁለት ቁራጭ ቀርቶ ነበር፤ ባለቤቷ ግን የመንገድ ሠራተኞች ዘግይተው እንደሚመጡ ስለ ደወሉ የእነሱ ነው ብለው ከለከሉት። 8 ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሁለት ሰዎች ጫማቸው አስፋልት እንደነካ ገብተው ቤቱን ሰላም አሉና ያለ ምንም ጥያቄ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ።