ሳሙናው ውስጥ ምን እንዳለ ጻፉልን

አክስቴ አራት ኪሎ ጀርባ ትንሽ ሻይ ቤት አላት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ብርጭቆ ስታጥብ ነው የምትውለው። አምና ጣቶቿ መሀል ማሳከክ ጀመራት፣ ከዚያ ቀላ፣ ከዚያ ተሰነጣጠቀ፣ በኋላማ የሻይ ማንኪያ ስትይዝ ሁሉ ይደማ ነበር። አንዷ ጎረቤት "ምች ነው" አለቻት። ሌላዋ "ጭርት ነው፣ ሎሚ ቀቢው" አለቻት። ቀባችው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ አለርጂ የሚቀሰቅሱ ነገሮች የተቀቡበት ትንንሽ ፕላስተር ጀርባዋ ላይ ለጠፉላት። ከ2 ቀን በኋላ ተነሳ፣ ቆይተው ደግሞ ደገሙና አዩት። ሊሞኒን የሚባለው የነካው ቦታ ቀልቶ አብጧል።

ሊሞኒንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ብርቱካን ስትልጡ ከልጣጩ ፈንጠቅ ብሎ ዓይን የሚያቃጥለው ዘይት አለ አይደል? ከዚያ ዘይት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው እሱ ነው። የሎሚ ልጣጭም አለው። ለዚህ ነው የዕቃ ማጠቢያው፣ የወለል መወልወያው፣ የመጸዳጃ ቤቱ ሽታ ማጥፊያ ሁሉ ሎሚ ሎሚ የሚለው።

ትኩስ ሊሞኒን ለቆዳ ያን ያህል ክፉ አይደለም። የሚከፋው አየር ሲያገኘው ነው፤ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ አለርጂ የሚቀሰቅስ ሌላ ነገር ይሆናል። አክስቴ የምትገዛው ፈሳሽ ሳሙና ደግሞ ከጀሪካን ወደ ሃይላንድ እየተቀዳ የሚሸጠው ነው። ክዳኑ በሚስማር ተበስቷል፣ ሲጨመቅ ጠብ ጠብ እንዲል። እንደዚያ ተከፍቶ ማጠቢያው ጎን ሳምንታት ይቀመጣል። ሃይላንዱ ላይ የቀረው ጽሑፍ የውሃው ነው፤ ስለ ሳሙናው አንዲት ፊደል የለም።

ወዲያው ቢያሳክካት ኖሮ እሷም ሳሙናውን ትጠረጥር ነበር። እንዲህ ያለው አለርጂ ግን ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ነው ብቅ የሚለው። ቅዳሜ የነካት ሰኞ ይወጣባታል፣ እሷ ደግሞ ሰኞ የላጠችውን ነጭ ሽንኩርት ትረግማለች።

ሊሞኒን ምግብም ላይ አለ። የብርቱካን ልጣጭ የተፈገፈገበት ኬክ፣ ማርማላታ፣ ሎሚ ከነልጣጩ የተነከረበት ሻይ፣ አለርጂው ላለበት ሰው ከንፈርና የአፍ ዙሪያ ሊያስቆጣ ይችላል። የጁስ ቤት ልጆች ቀኑን ሙሉ ሲልጡ የሚውሉበትን እጅ እስቲ አንድ ቀን ልብ ብላችሁ እዩት። (ከንፈርና ምላስ ወዲያው ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ግን ይሄ ሌላ ነገር ነው፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መቀመጥም ቆዳ ያቃጥላል፣ አለርጂ ሳይኖርም።)

"ተፈጥሯዊ ነው እኮ" የሚሉኝ አሉ። ሳማም ተፈጥሯዊ ነው። እኔ ሎሚ ይከልከል አላልኩም፣ ይጻፍ ነው ያልኩት። አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሊሞኒንን ጨምሮ 26 የሽቶ ንጥረ ነገሮች በመዋቢያ ምርቶች ላይ በስማቸው እንዲጻፉ ያስገድዳል፤ ታጥቦ በሚለቀቅ ምርት ከ0.01 በመቶ፣ ቆዳ ላይ በሚቀር ከ0.001 በመቶ ካለፉ ማለት ነው። በ2023 ዝርዝሩ ከ80 በላይ ሆኗል። እኛ ጋ ስንቱ ምርት "የሎሚ ሽታ" ብሎ፣ ከጎኑ የሎሚ ሥዕል ለጥፎ ዝም ይላል። አምራቹ የጨመረውን ያውቃል፣ መጻፉ ምን ይጎዳዋል? ቀድቶ የሚሸጠውስ ከጀሪካኑ ላይ አንብቦ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ቢለጥፍ? ተቆጣጣሪውም ይህችን ቢያስገድድ እንደ አክስቴ ያለ ሰው ሱቅ ቆሞ አንብቦ ይመልሰዋል፣ 8 ወር እጁን ሲያክ አይከርምም።

አሁን ሽታ በሌለው ሳሙና ነው የምታጥበው። እጇ ድኗል፣ አለርጂው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ አይደለም ብለዋታል። "ሻይ በሎሚ" ያለ ደንበኛ ሲመጣ ሎሚውን የምትቆርጠው ልጇ ናት።