የእርዳታው ገንዘብ ወደ ሰፈራችን አልመጣም

የምኖርበት የለንደን ሰፈር የፓርላማ ተወካይ በየወሩ የሥራ ሪፖርት ይልካሉ። የዚህ ወሩ ላይ የተቀነሰ የአውቶቡስ መስመር አለ። ሻጋታ የወረሰው የካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ቤት አለ። ሊዘጋ የተቃረበ ፖስታ ቤት አለ። ለእነዚህ መሮጣቸው ጥሩ ነው። ከሥር ግን ብሪታንያ ለድሃ አገሮች ስለምትሰጠው የውጭ እርዳታ አንድ አንቀጽ ጨምረዋል። መንግሥት እርዳታውን መቀነሱ ቢከብድም ተገቢ ነው ይላሉ። እሳቸው የተመረጡት ለዚህ ሰፈር ነው፤ ገንዘቡም መቅደም ያለበት እዚሁ ላለው ችግር ነው ባይ ናቸው።

ይህን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። የትኛው ገንዘብ ነው እዚህ የሚቀድመው?

የሌበር ፓርቲው ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር በየካቲት 2025 ቅነሳውን ሲያውጁ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ አልደበቁም። ከአገሪቱ ገቢ 0.5 በመቶ የነበረው እርዳታ በ2027 ወደ 0.3 በመቶ ይወርዳል። ልዩነቱ ለመከላከያ ይውላል። ለአውቶቡስ አይደለም። ለሻገተው ቤት አይደለም። ለፖስታ ቤቱም አይደለም። ከዚህ ቅነሳ ለካውንስላችን ቤሳ ቤስቲን አይደርሰውም። መከላከያ ይበልጣል የሚል ሰው በዚያው ይከራከረኝ። ሰፈሩን ሰበብ አድርጎ ሌላ ነገር መሸጥ ግን መራጭን መናቅ ነው።

ደግሞስ ገንዘቡ እዚሁ ይዋል ከተባለ፣ ሲውል አልኖረም እንዴ? ብዙ ሰው የማያውቀው ይኼንን ነው። በዓለም አቀፉ የእርዳታ አቆጣጠር አንድ አገር የተቀበለችውን ስደተኛ በመጀመሪያው ዓመት የምታኖርበትን ወጪ እንደ ውጭ እርዳታ መመዝገብ ትችላለች። ብሪታንያ ይህን ቀዳዳ አስፍታ ተጠቅማበታለች። በ2022 ከጠቅላላ እርዳታዋ 29 በመቶው፣ 3.7 ቢሊዮን ፓውንድ፣ ከአገር ሳይወጣ እዚሁ አለቀ። በ2023 ወደ 4.3 ቢሊዮን ወጣ። በ2024 ወረደ ሲባል እንኳ 2.8 ቢሊዮን ነበር፤ ከአምስት ፓውንድ አንዱ ማለት ነው። የውጭ እርዳታ የሚል ስም ይዞ እዚህ ካለቀው ገንዘብ ትልቁ ድርሻ የገባው ለስደተኞች ሆቴል ኪራይ ነው።

ሆቴል ሲባል የቅንጦት ኑሮ የሚመስለው ሰው አለ። አገር ቤት ያለው ዘመድም እንደዚያ ያስባል። ሆቴል የገባ ዘመድ ያለው ግን ያውቀዋል። ከማያውቁት ሰው ጋር አንድ ክፍል መጋራት አለ። በትሪ የሚመጣ፣ ለአፍ የማይጥም ምግብ አለ። የኪስ ገንዘቡ በሳምንት 10 ፓውንድ አይሞላም። መሥራት ክልክል ነው። እንዲህ እየተባለ ዓመት ይሞላል፣ ከዚያም ያልፋል። ቢሊዮኑን የበሉት የሆቴል ባለቤቶችና ኮንትራት የወሰዱ ኩባንያዎች ናቸው። ስደተኛው የተረፈው ነገር የለም፤ ስድቡ ግን ለእሱ ነው።

ሆቴል የገባው ስደተኛ ልጅ የሆም ኦፊስ (የስደተኞችን ማመልከቻ የሚያየው መሥሪያ ቤት) ደብዳቤ ሲዘገይበት የት ይሄዳል? ወደ እኚሁ የፓርላማ ተወካይ ቢሮ። ወረቀቱን በፕላስቲክ ፌስታል ይዞ ወረፋ ይጠብቃል። ተወካዩም በወሩ መጨረሻ ለሰፈሩ ሰው የፈቱት ችግር ብለው ይቆጥሩታል። ታዲያ የሰፈሩ ጉዳይና የውጭው ጉዳይ የሚለዩት በየት በኩል ነው? ሰውየው አንድ ነው። ገንዘቡም አንድ ነው። ሪፖርቱ ላይ ብቻ ነው ሁለት አርዕስት የተሰጠው።

ቅነሳው የሚያርፈው እንግዲህ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ትራኮማን ልንገራችሁ። ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል። በሽታው ሲብስ የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቀዋል። ወረንጦ ከእጃቸው የማይለይ እናቶች አሉ። ይነቅሉታል፤ ተመልሶ ይበቅላል። እንደገና ይነቅሉታል። በመጨረሻ ይታወራሉ። መፍትሔው ግን የሰለጠነ ነርስ ጤና ጣቢያ ውስጥ የሚሠራው ትንሽ ቀዶ ጥገና ነው፤ ታካሚዋ በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። በሽታው እንዳይዛመት የሚሰጠውን መድኃኒት ደግሞ የመድኃኒት ኩባንያው ፋይዘር በነፃ ይሰጣል። ወጪው መድኃኒቱን ከቀበሌ ቀበሌ ማድረሱ ነው።

ትራኮማ የት ምን ያህል እንዳለ ለማወቅ በ29 አገሮች 2.6 ሚሊዮን ሰው ዓይኑ የታየበት ጥናት በብሪታንያ እርዳታ ነው የተሠራው። የተጀመረውም በእኛው አገር በኢትዮጵያ፣ በኦሮሚያ፣ በታኅሣሥ 2012 እ.ኤ.አ. ነበር። በ2021 እርዳታው ከ0.7 ወደ 0.5 በመቶ ሲወርድ፣ ትራኮማንና ካላዛርን የመሳሰሉ በሽታዎችን የሚከላከል የ220 ሚሊዮን ፓውንድ ፕሮግራም ከመንገድ ላይ ተቆረጠ። አሁን ደግሞ ወደ 0.3 ነው። የተረፈው ምን ኖሮ ነው የሚቆረጠው?

አሳፋሪው ያደረጉት ሰዎች ማንነት ነው። ያንን የ2021 ቅነሳ ፓርላማው 333 ለ298 ሲያጸድቅ ዛሬ የቆረጠው ሌበር ፓርቲ ተቃውሞ ነበር። በ2024ቱ የምርጫ ሰነዱም ሁኔታው ሲፈቅድ ወደ 0.7 እመልሳለሁ ብሎ ጻፈ። ሥልጣን በያዘ በስምንተኛው ወር አፉን ሞልቶ የባሰውን ቆረጠ። የልማት ሚኒስትሯ አኔሊዝ ዶድስ ቅነሳውን ተቃውመው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ዶድስም እኮ የኦክስፎርድ ምሥራቅ ተወካይ ናቸው። እሳቸውም የተቆፋፈረ መንገድና የተጣበበ ቤት ያለው መራጭ አላቸው። የሰፈር ሥራ ህሊናቸውን አላስዘጋቸውም። እሳቸውን የተኳቸው ባሮነስ ቻፕማን ግን የብሪታንያን መንግሥት እንደ ዓለም አቀፍ በጎ አድራጎት ድርጅት የማየት ዘመን አልፏል አሉ። ከ100 ፓውንድ 50 ፔንስ የሚሰጥን መንግሥት ማን ነው እንደዚያ ያየው?

ከእኛው ሐበሻ መሀልም እርዳታ ባለሥልጣን ነው የሚበላው፣ እኔ ቤተሰቤን በራሴ እረዳለሁ የሚል አለ። በየወሩ የምንልከው የእናታችንን አስቤዛ ይሸፍናል። የወረዳውን ሕዝብ ዓይን ግን አያክምም። ሌባ አለ ተብሎም ጤና ጣቢያ አይዘጋም።

ስለዚህ ወደ ፓርላማ ተወካያችሁ ቢሮ ሂዱ። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ (በብዛት የቀድሞ የብሪታንያ ግዛቶች ያሉበት ማኅበር) አባል ስላልሆነች የብሪታንያ ዜግነት የሌለን ሰዎች ለፓርላማ መምረጥ አንችልም። ተወካይነታቸው ግን ሰፈሩ ውስጥ ለሚኖር ሰው ሁሉ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ ፖስት ኮድ ይጠይቋችኋል፤ ስጡ። ከዚያ ከእርዳታው ለሆቴል ስንት እንደሚሄድ ሚኒስትሩን በጽሑፍ ጠይቀው ያውቁ እንደሆነ ጠይቋቸው። ካልጠየቁ መቼ እንደሚጠይቁ ቀን ያስቀምጡላችሁ።