ብርብራችሁን ከወንዙ አርቁ

ያገሬ ልጆች፣ የሐይቅ፣ የአምባሰል፣ የቃሉ ሰዎች፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነውና አትቀየሙኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሽንኩርት ማሳ ዳር ቆሜ አንድ ወጣት መርጫውን ሲያጥብ አየሁ። ለተባይ ማጥፊያ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ፣ ሌሊቱን ዘፍዝፎ አሳድሮ፣ ሳሙና ጨምሮበት ሲረጭ ነው የዋለው። ሲጨርስ ትራፊውን ወንዙ ውስጥ ደፋው። «ወንድሜ፣ ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት። «ኧረ ኬሚካል አይደለም ጋሼ፣ የተፈጥሮ ነው» አለኝ። ፊቱ ላይ ክፋት የለም። እኔንም ያንገበገበኝ ይሄው ነው፤ «የተፈጥሮ ነው» የምትለዋን ቃል ሁላችንም አፋችን ላይ አድርገናታልና።

እስቲ በአላህ፣ በማርያም፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አባቶቻችን ብርብራ የሚወቅጡት ለምን ነበር? ዓሣ ሊይዙበት አይደለም? ወንዙ ረጋ ከሚልበት ቦታ ላይ ሲበትኑት ዓሣው አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ትንሽ ይወራጫል፣ ከዚያ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል፤ እነሱም በእጃቸው ይለቅማሉ። ልጅ ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ። ትልልቁ ተለቅሞ ይሄዳል። ጣት የማታክለው ጫጩት ግን ማንም ሳያነሳት እዚያው ትበሰብሳለች። ታዲያ ያንኑ ፍሬ ሽንኩርት ላይ ስለረጨነው ባሕርዩን ይለውጣል? ዓሣ ገዳይ መሆኑን እያወቅን ነው እኮ ወንዝ ውስጥ የምንደፋው!

ብርብራ ውስጥ ካሉት መርዞች አንዱ ሮቴኖን ይባላል። በውጭ አገር የዓሣ ባለሙያዎች ከአንድ ሐይቅ ያልፈለጉትን ዓሣ ጠርገው ማጥፋት ሲፈልጉ ውሃው ውስጥ የሚጨምሩት እሱን ነው። ሰውነት ኦክስጅንን ወደ ጉልበት የሚቀይርበትን መንገድ ይዘጋል። ዓሣው አየር ባለበት ውሃ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል ማለት ነው።

«ላሜ ከዚያው ውሃ ጠጥታ ምንም አልሆነችም» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ላሚቱ ምንም ላትሆን ትችላለች። በሆዷ የገባው ብዙው ወደ ደሟ አያልፍም፣ ያለፈውንም ጉበቷ ይሰባብረዋል። ዓሣ ግን የሚተነፍሰው ያንኑ ውሃ ነው። መርዙ መተንፈሻው በሆነው ስንጥቡ በኩል በቀጥታ ደሙ ውስጥ ይገባል። ጭራ ያላት፣ እግር ያላበቀለች የእንቁራሪት ልጅም እንደዚያው ናት። ካደገች በኋላም ቆዳዋ እርጥብና ስስ ነው፤ ውሃውን የምትስበው በቆዳዋ ነው፣ አየሩንም በከፊል። ስለዚህ ላሚቱን አይታችሁ ስለ ዓሣው አትፍረዱ።

ፀሐይ ያመክነዋል የምትሉም አላችሁ። እውነት ነው፤ በሞቀ ውሃና በፀሐይ በቀናት ውስጥ ይጠፋል። ዓሣውን ለመጨረስ ግን ሰዓታት ይበቁታል።

ብርብራ ላይ ብቻ አትፍረዱ ደግሞ። እንዶዳችንን እዩት። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይቶ ነው ቀንድ አውጣ ለሚያስተላልፈው ለቢልሃርዝያ በሽታ መከላከያ ያሰበው። ትልቅ ሥራ ነው፣ እንኮራበታለን። ነገር ግን ቀንድ አውጣውን የገደለው አረፋ የዓሣንም ስንጥብ ያቃጥላል። ፓይሬትረም የሚባለው የአበባ ዱቄትም ለዓሣ እጅግ መርዝ ነው። ኒም የሚባለው ዛፍ ከነዚህ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ወንዝ ውስጥ አይደፋም። የትምባሆ ውሃማ ለረጪው ሰው ራሱ አደጋ ነው፣ በቆዳ ይገባል።

ሐይቃችንን አስቡት። ወንዞች ይገቡበታል እንጂ በምድር ላይ የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ዳር ዳሩ ላይ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ጎጆውን ቆፍሮ ይራባል። እኛም መርጫችንን የምናጥበው እዚያው ዳር ነው። የዘንድሮው ጫጩት ካለቀ ከታች ወንዝ ዋኝቶ የሚተካው ዓሣ የለም። በዚያ ዓሣ ልጁን የሚያሳድገው አስጋሪ ጎረቤታችን ነው፣ ባዳ አይደለም። የቦርከና ወንዝም ቢሆን ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ጨፋ ረግረግ ይደርሳል። ታች ያለው ሰው ወባ ያውቃል፤ የትንኙን እጭ የሚለቅሙለትን ትንንሽ ዓሦች ከላይ ሆነን ስንፈጅበት ይታየኛል። እንቁራሪቷም ሌሊት ሌሊት ከማሳችን ላይ ትልና ነፍሳት የምትለቅም ናት። የቀጠርነውን ዘበኛ ገደልን ማለት ነው።

ወደ ፋብሪካው ጠርሙስ ተመለሱ አላልኩም፣ እንዳታስመስሉኝ። የአሜሪካ ተምች በ2009 ገብቶ በቆሏችንን ሲበላው ኒምና ብርብራ የቀጠቀጠው ገበሬ እጁ ላይ ያለውን ነው የተጠቀመው፣ መብቱም ነው።

ያ ወጣት መጨረሻ ላይ «ታዲያ የት ልጠበው ጋሼ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚበቃህን ያህል ብቻ በጥብጥ። ከተረፈህ እዚያው የረጨኸው ማሳ ላይ ጨርሰው። መርጫውን ውሃ በጀሪካን ቀድተህ ከወንዙ ርቀህ እጠበው፣ እጣቢውንም ማሳው ላይ ድፋው። ገለባውንና ዝቃጩን ቅበረው። ሰማዩ ከጠቆረ አትርጭ፣ ዝናቡ ጠርጎ ወንዝ ይከተዋል። ነፋስ ካለም ተው። ከወንዙ ዳር ያለውን ሣርና ቁጥቋጦ እንዳለ ተወው፣ ከማሳ የሚወርደውን ያጣራልሃል፤ እስከ ውሃው አፍ ድረስ ያረስንበትን ቦታ ሳይ ሆዴ ይባባል።

በብርብራ ዓሣ የምትይዙ ልጆች ደግሞ፣ መንጠቆና መረብ ሞልቶ ሳለ ይሄን ተዉት። ታላላቆቻችሁ አድርገውታል፣ አውቃለሁ፤ እኔም ከወንዙ ዳር ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። ያኔ ግን ወንዙ ውስጥ ዓሣ ነበር።